ለጊዜው የሄደ ሰው ማስታወሻ

በመሥሪያ ቤታችን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ የምትፈጅ ስብሰባ አለችን። እያንዳንዳችን ሦስት ነገር እንናገራለን፤ ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን ያዘኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ይህንን ስናገር ኖሬያለሁ። ያለኝ ብቸኛ የዕለት ማስታወሻ እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም በእንግሊዝኛ ነው። ማታ ቤት ስገባ እናቴ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች። «ደኅና» እላለሁ። የቀኑ ውሎ በሙሉ ተጣጥፎ አንድ ቃል ውስጥ ይገባል።

ይሄ ነገር እንደ ጉድለት ታይቶኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አብሮኝ በርቀት የሚሠራ አንድ አየርላንዳዊ ስለ አያቱ አወራኝ። ሰውዬው ዕድሜውን በሙሉ እንግሊዝ ሀገር ቁፋሮ ሲቆፍር ኖሯል። ስለ ሥራው ግን ለልጆቹም ለልጅ ልጆቹም አንድ ቀን እንኳ ተናግሮ አያውቅም። «እሱ ያልነገረኝን ያነበብኩት እዚህ ውስጥ ነው» ብሎ የአንድ መጽሐፍ ስም ላከልኝ። የዶናል ማክ አውሊ «ዲያላን ዶሪ» ነው። በአማርኛ «የስደተኛ ማስታወሻ» ማለት ነው።

ስሙን ስትሰሙ የተስፋዬ ገብረአብ «የስደተኛው ማስታወሻ» ትዝ ሊላችሁ ይችላል። ያኛው የጋዜጠኛና የደራሲ ስደት ነው። ይሄኛው ግን አካፋ ይዞ ውሎ ማታ ብዕር ያነሳ ሰው መጽሐፍ ነው። እዚህ ላወራ የፈለግኩትም ስለዚህ ልዩነት ነው፤ ስለ ስደት ስንጽፍ የት እንደሄደና ምን እንደተሰማው እንጂ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደዋለ ለምን አንጽፍም?

ሰውዬው

ማክ አውሊ በ1926 በምዕራብ አየርላንድ፣ ጎልዌይ አካባቢ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ኪልኬኒ ከተማ ተዛወረ። በአየርላንድ ጦር ውስጥ ሥራው በአይሪሽኛ በሚካሄድበት ሻለቃ አገልግሏል። ከጦሩ ሲወጣ ሀገሩ ላይ የሚጠብቀው ሥራ አልነበረም። በ1951 ሻንጣውን አንጠልጥሎ ባሕሩን ተሻገረና ኖርዛምፕተን የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ገባ። መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ ተቀጠረ፤ ቀጥሎ ወደ ቁፋሮ ሥራ ገባ።

ብቻውን አልነበረም። በ1950ዎቹ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ የወጣው ሕዝብ፣ የገባው ተቀንሶለት እንኳ፣ ወደ 400,000 ይጠጋል። የሀገሪቱ ጠቅላላ ሕዝብ ሦስት ሚሊዮን አይሞላም ነበር፤ በ1961 ቆጠራ ደግሞ ወደ 2.8 ሚሊዮን ወርዶ ተገኘ። ከሰባት ሰው አንድ ገደማ ሄደ ማለት ነው። አብዛኛው የሄደው ወደ እንግሊዝ ነው፤ እንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ እየገነባች ነበር፣ ጉልበት ትፈልግ ነበር። ለአየርላንዳውያን ደግሞ ቪዛ የለም፣ የሥራ ፈቃድ የለም። የመርከብ ቲኬት ያለው ይሄዳል።

በእንግሊዝኛ እንዲህ ላለው ቆፋሪ «ናቪ» የሚባል ስም አለ። ቃሉ የመጣው ከአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ ለጀልባ መተላለፊያ ቦይ የሚቆፍሩት ሰዎች ስም ነበር። ቦዩ አለቀ፣ የባቡር ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ከዚያ የአውራ ጎዳናውና የቧንቧው ዘመን መጣ። ስሙ ግን ቀረ። እኛ «ቀን ሠራተኛ» እንላለን። እኛ ሰውዬውን በሚከፈልበት ሰዓት ጠራነው፤ እነሱ በቆፈረው ጉድጓድ።

ሎግ

መጽሐፉ ውስጥ ብዙ «ታሪክ» የለም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ከፍታና ዝቅታ ጠብቆ የሚያነብ ሰው ሃምሳኛው ገጽ ላይ ሊተወው ይችላል። ዛሬ ዝናብ ነበር። ዛሬ ፎርማኑ ክፉ ነበር። ሥራው አለቀ፣ ሌላ ፍለጋ ሄድን። ማደሪያው ደኅና ነው፣ ማደሪያው ቆሻሻ ነው። እሑድ ቅዳሴ፣ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት፣ በመሀል መጠጥ ቤት። የኮነማራ ልጆች ተገኙ፣ በቋንቋችን አወራን፣ ደስ አለኝ። ሰኞ እንደገና ቁፋሮ።

እኔ ግን በሥራዬ ምክንያት ይሄን ዓይነት ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ሶፍትዌር ሲሠራ የሆነውን ሁሉ በየሰከንዱ የሚመዘግብ ፋይል አለ፣ ሎግ እንለዋለን። አንድ ሲስተም ሲወድቅ ሁለት ጽሑፍ ይኖራል። አንደኛው ከወደቀ በኋላ ቁጭ ብለን የምንጽፈው ሪፖርት ነው፤ መነሻውም መድረሻውም የታወቀ፣ ሥርዓት የያዘ። ሁለተኛው ሎጉ ነው። ሎግ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ሊወድቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረውም «ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ያሰለቻል፣ ስለዚህም እውነት ነው። እውነተኛውን ምክንያት ፍለጋ ስንወጣ ሪፖርቱን ትተን ሎጉን የምናነበው ለዚህ ነው።

ስለ ስደት የምናነበው አብዛኛው ነገር ሪፖርት ነው። ጸሐፊው መጨረሻውን ያውቃል። ከማክ አውሊ በፊት የነበረውን ሌላ አየርላንዳዊ ቆፋሪ፣ የዶኒጎሉን ፓትሪክ ማክጊልን ብንወስድ በ1914 ያሳተመው ከራሱ ሕይወት የተቀዳ ልብ ወለድ ነው፤ መንገዱን ከሄደ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ ያየው። ስለዚህ መከራው ትርጉም አለው፣ ወደ አንድ ቦታ ይጓዛል። ማክ አውሊ ዘንድ መከራው ወደየትም አይጓዝም። የማክሰኞ ድካም የማክሰኞ ድካም ነው።

ከዚህ የሚገኘው ነገር ምንድን ነው? አንደኛ፣ ኩራት። ስለ ቀን ሠራተኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሊታዘንለት ስለሚገባ ሰው ነው። ማክ አውሊ ግን በጉልበቱ ይኮራል። ጠንካራ ሠራተኛን ያደንቃል፣ ሰነፍን ይንቃል፤ ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ ዞር ብሎ የቆፈረውን ማየት ለእሱ ደስታ ነው። ሁለተኛ፣ ተራ ደስታ። ደመወዝ የተከፈለበት ማታ፣ የሞቀ ምግብ፣ የሀገር ልጅ ድምፅ። ሪፖርት ጸሐፊ እነዚህን ይዘላቸዋል፤ ወይ ከሐዘኑ ጋር አይሄዱለትም፣ ወይ ለስኬቱ ታሪክ ያንሳሉ። ሎግ ግን አይመርጥም። የሆነው ሁሉ ሆኗል።

እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። የዕለት ማስታወሻ መጽሐፍ ሲሆን ይመረጣል፣ ይስተካከላል። ጥሬ ሎግ አይደለም። እውነት ነው። ግን ጸሐፊው ሲመርጥም ታሪክ ለማሳመር ብሎ አሰልቺዎቹን ቀኖች አላወጣቸውም። እነሱን መተዉ ራሱ ውሳኔ ነው፣ ጥሩ ውሳኔም ነው።

«ለጊዜው»

ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቀልድ አለ። ከ«ለጊዜው» የበለጠ ዕድሜ ያለው ነገር የለም። አንድ ችግር ሲመጣ «ለጊዜው እንዲህ እናድርገው፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» እንላለን። ዓመታት ያልፋሉ። ያ ለጊዜው የተጻፈ ነገር የቤቱ ምሰሶ ሆኖ ይገኛል፤ ማንም አይነካውም፣ ቢነካ ቤቱ ይፈርሳል።

ማክ አውሊ የሄደው ለጊዜው ነው። ማስታወሻው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚመለስ ሰው ማስታወሻ ነው። በየዕረፍቱ ኪልኬኒ ይሄዳል፣ ቤተሰቡን ያያል፣ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ መርከቡ ይጠብቀዋል። መለያየቱ አንዴ ሆኖ አያልቅም፣ በየጊዜው ይደገማል። ባሕሩ ጠባብ ነው፣ ጉዞው የአንድ ሌሊት ነው፣ የሚከለክል የለም። ይሄ ቅርበት ቢያስቀና አይገርምም። ሳነበው ግን ቅርበቱ ራሱ ወጥመድ መስሎ ታየኝ። ሁልጊዜ መመለስ የሚችል ሰው ለመመለስ ቀን ቆርጦ አያውቅም።

መጽሐፉ 1957 ላይ ያበቃል። ጸሐፊው ግን አላበቃም። ኖርዛምፕተን ኖረ፤ የጉልበት ሥራ እየሠራ ልብ ወለድ ጻፈ፣ ለጋዜጦች ጻፈ፤ በ1989 ሞተ። ሠላሳ ስምንት ዓመት። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ብትከፍቱት እያንዳንዱ «ስመለስ» የሚል ሐሳብ ሌላ ነገር ይሆናል። ጸሐፊው የማያውቀውን አንባቢው ያውቃል። ልብ ወለድ ደራሲ ይሄን ስሜት ለመፍጠር ስንት ይደክማል፤ ማስታወሻው ምንም ሳይደክም፣ ቀን ቆጥሮ በመጻፉ ብቻ ፈጠረው።

በማን ቋንቋ ይቆፈራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማክ አውሊ እንግሊዝኛ ይችላል። የሚኖረው እንግሊዝ ነው። በእንግሊዝኛ ቢጽፍ አንባቢው እጥፍ ድርብ ይሆን ነበር። እሱ ግን በአይሪሽኛ ጻፈው።

ውሳኔው ምን ያህል ያልተለመደ እንደነበር ለማየት የአይሪሽኛን ሥነ ጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በዚህ ቋንቋ የታወቁት የሕይወት ታሪኮች በ1929 እንደታተመው የቶማስ ኦ ክሪሃን መጽሐፍና በ1936 እንደታተመው እንደ «ፔግ» ያሉ ናቸው፤ የሩቅ ደሴት፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ባሕር፣ ድህነትና ጸሎት። ቋንቋው የሚኖርበት ቦታ ተወስኖለት ነበር ማለት ነው፤ ያለፈው ዘመን። ማክ አውሊ ይሄን ቋንቋ ከደሴቱ አንስቶ እንግሊዝ ከተማ ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ አወረደው። ስለ ፎርማን፣ ስለ ትርፍ ሰዓት፣ ስለ አከራይ፣ ስለ ደመወዝ ቀን በአይሪሽኛ ተጻፈ። ቋንቋው «ውብ» ስለሆነ ይጠበቅ ብሎ አልተከራከረም። አሠራው። ቋንቋን እንደ ቅርስ በመስታወት ውስጥ ማስቀመጥና አካፋ ማስያዝ ሁለት የተለያየ ፍቅር ነው፤ እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ።

መጽሐፉ በ1960 ወጣ። በ1964 ገጣሚውና ዲፕሎማቱ ቫለንቲን አየርሞንገር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እኔም ያነበብኩት ይሄንን ነው። እንግሊዝኛን አልፎ የተጻፈ መጽሐፍ እኔ ዘንድ የደረሰው በእንግሊዝኛ በኩል ነው፤ ይሄ ነገር እስከ መጨረሻው ገጽ ቆርቁሮኛል። በትርጉሙ የጠፋ ነገር እንዳለም ይታያል። የኮነማራው ልጅም የእንግሊዙ ፎርማንም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። መጠጥ ቤት ውስጥ የራሱን ቋንቋ ሲሰማ የሚሰማውን ደስታ «በአይሪሽኛ አወራን» ተብሎ ይነገረኛል እንጂ ጆሮዬ አይሰማውም።

ርዕሱም ተቀይሯል። የእንግሊዝኛው ትልቁ ርዕስ «አንድ አየርላንዳዊ ናቪ» ሆነ፤ «የስደተኛ ማስታወሻ» ወደ ንዑስ ርዕስ ወረደ። ለገበያ ይሁን ለሌላ፣ ለውጡ ብዙ ይናገራል። በራሱ ቋንቋ ሰውዬው የሚጠራው ባጣው ነገር ነው። በጥንቱ የአየርላንድ ሕግ «ዶሪ» የሚለው ቃል በደረሰበት ቦታ ወገንና መብት የሌለውን እንግዳ ያመለክት ነበር። በእንግሊዝኛ ግን የሚጠራው በሚሰጠው ጉልበት ነው። ላኪው ሀገር «ማንን አጣሁ» ይላል፣ ተቀባዩ «ምን ይሠራልኛል» ይላል።

የእኛም ቃላት ከዚህ አያመልጡም። «ተሰደደ» ተደራጊ ግሥ ነው፤ ውስጡ ሌላ አድራጊ አለ፣ የሰደደው። ግን ሁሉንም ሄያጅ እኩል ስደተኛ አንለውም። አሜሪካ የሄደው «ዳያስፖራ» ነው። ሪያድ ወይም ቤሩት የሄደችው «ዐረብ ሀገር ናት»። የመጀመሪያው ማዕረግ ነው፣ ሁለተኛው አድራሻ ብቻ ነው። ሥራዋ ምን እንደሆነ ቃሉ ውስጥ የለም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይጠይቅም።

ያልመዘገበው

መጽሐፉን ወድጄዋለሁ ማለት እንከን የለውም ማለት አይደለም። ትልቁ እንከኑ ሴቶች ናቸው፤ ማለቴ፣ ዳር ላይ መቅረታቸው። ጭፈራ ቤት ይታያሉ፣ አከራይ ሆነው ይታያሉ፣ እናት ሆነው ሀገር ቤት ይጠብቃሉ። እንግሊዝ ውስጥ ግን የአየርላንድ ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ የማያንስ ነበር። ሆስፒታሎቹን እንደ ነርስ ያቆሙት፣ የሰው ቤት ያጸዱት እነሱ ናቸው። ማክ አውሊ ራሱ ሆስፒታል ሠርቷል፤ ከጎኑ ነበሩ። ለእሱ ግን «ሥራ» ማለት ከባዱ፣ ከጭቃ ጋር የሚደረገው ነገር ነው። በጉልበቱ ያለው ኩራት ዓይኑን ከፈተለት፣ በዚያው ጋረደውም። የመጠጥ ቤቱን ታሪኮችም አንዳንዴ ያበዛቸዋል፤ መጠጡ ከሳምንቱ ደመወዝ ምን ያህሉን ይዞ እንደሚሄድ ሲያስብ የምናየው ከምንፈልገው ያነሰ ነው።

ይሄንን እንከን ሳስብ ነበር አክስቴ ትዝ ያለችኝ።

አክስቴ ዐረብ ሀገር ከሄደች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የሄደችው ለሁለት ዓመት ኮንትራት ነበር። ለጊዜው። በየበዓሉ እንደዋወላለን። «ሥራ እንዴት ነው እትዬ?» እላታለሁ፤ «ሥራ ነው፣ ይመስገን» ትለኛለች፣ ወደ እናቴ ጤና እንሄዳለን። የትምህርት ክፍያዬን ከፊሉን የከፈለችው እሷ ናት። ለኢንጂነሪንግ ዲግሪ ያበቃኝን ሥራ ግን ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

መጽሐፉን በጨረስኩ በሳምንቱ በቴሌግራም ጻፍኩላት። «እትዬ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምትሠሪውን ዝም ብለሽ ንገሪኝ፣ እንደ ተራ ነገር» አልኳት። መጀመሪያ ደነገጠች። «ምነው፣ ምን ሰማህ?» ለእኛ ቤት ስለ ሥራ መጠየቅ መጥፎ ዜና እንደ መስማት ነው። ምንም እንዳልሰማሁ ነገርኳት። ማታ የአሥራ አንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት መጣ።

ለቅሶ ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አሥራ አንዱም ደቂቃ ስለ ካውያ ነበር። የወንዶቹ ነጭ ረጅም ልብስ እንዴት እንደሚተኮስ፤ አንገትጌው መጀመሪያ፣ በውስጥ በኩል፣ ጨርቁ ትንሽ ርጥበት ሳይለቀው። ካውያው ከጋለ ነጩ ቢጫ ይላል፣ ከቀዘቀዘ እጥፋቱ አይይዝም። በቀን ስድስት ሰባት ልብስ። አዲስ የመጡ ልጆች የሚሳሳቱበት ቦታ እጅጌው ላይ ነው፣ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። መጨረሻ ላይ ሳቀችና «እዚህ ቤት እንደኔ የሚተኩስ የለም» አለች።

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስለ ራሷ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ድካሙ የለም እያልኩ አይደለም፤ በድምፁ መሀል ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሳለች። ግን ከሷ ድካም በላይ የማላውቀው ነገር ችሎታዋ ነበር። እኛ ለሄደ ሰው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ብቻ አለን፤ የሚያስለቅስና የሚያስቀና። አንገትጌው ከሁለቱም ውስጥ ቦታ የለውም።

በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የእኛ ሰዎች ይሄን በር ከፍተውታል። ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ፈጥሯል፤ የሱቁ ባዶነትና የቀኑ ርዝመት እዚያ አለ። አክስቴ ግን አታነበውም። ማክ አውሊ የጻፈው ስለ ጓደኞቹ ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹ በሚያወሩበት ቋንቋ ነው። ከእሱ የምወስደውም ይሄንን ነው። ለሥራችን በራሳችን ቋንቋ ቃል ካልሰጠነው ሥራችን «ደኅና» እና «ይመስገን» ውስጥ ተጣጥፎ ይቀራል፣ አብሮም ሰውዬው።

ሰሞኑን እኔም ሞከርኩ። እናቴ «እንዴት ዋለ?» ስትለኝ «ደኅና» ከማለት ይልቅ የቀኑን ሥራ ልነግራት ተነሳሁ። ያን ቀን የሠራሁት ስለ ካሽ ነበር። ቃሉ አማርኛ የለውም፣ ተንተባተብኩ። «ማለት... ዋናው ዕቃ ሩቅ ቦታ ነው ያለው። ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ትንሽ ቀንሰን ቅርብ እናስቀምጣለን፣ በየጊዜው እንዳንመላለስ።»

እናቴ ወጡን እያማሰለች ነበር። ቀና ሳትል «እንደ ጨው ዕቃ በለኛ» አለች። «ከረጢቱ ጓዳ ነው፣ ዕቃው ምድጃው አጠገብ።»

አዎ። እንደዚያ ነው።